በአንድ ቤት ውስጥ ፋይልና ፕሪንተር የመጋራት ታሪክ፤ የብልሽቱም ምንጭ፤ ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች አኳያ

ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ደክመው ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በስዊዘርላንድ አገር ሴንት ክሪስኮና በተባለ ቦታ ነው። የትርጉሙ ሥራ የተካሄደው በኤርትራ ሲሆን፣ ማተሚያው ግን ከባሕር ማዶ ስለ ነበረ ኦነሲሞስ ኅትመቱን ለመከታተል ራሳቸው ወደዚያው መጓዝ ግድ ሆኖባቸዋል። ወደ ነቀምቴ የገቡት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። እንግዲህ ለወለጋ ሰው የተዘጋጀው ጽሑፍ በአንድ አኅጉር፣ ማተሚያው በሌላ አኅጉር የነበረበት ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ዛሬ በነቀምቴ ከተማ በአንድ ቤት ውስጥ ጽሑፉ በሳሎኑ ኮምፒዩተር፣ ፕሪንተሩ ደግሞ በመኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ግድግዳ ነው። ሆኖም ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አይወጣም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሚሆን በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጉዳዩ የጥገና ባለ ሙያ እንጂ የታሪክ ተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ኮምፒዩተሮች በአንድ ቤት ውስጥ ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩበት ሥርዓት በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ ጊዜ የተሠራ ሕንፃ አይደለም፤ ከ40 ዓመት በላይ በልዩ ልዩ እጆች እየተቀጠለ የመጣ አሮጌ ቤት ነው። አንዱ ክፍል የተሠራው ሁሉም ጎረቤቱን በሚያምንበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ክፍል የተጨመረው ሌባ ከገባ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ብልሽት የትውልድ ዓመት አለው፤ ዓመቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ብልሽቱን የት እንደሚፈልገው ያውቃል።

ነገሩ ለወለጋ ከተሞች ቀላል አይደለም። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ለሁለትና ለሦስት ኮምፒዩተር አንድ ፕሪንተር ቢያቆም ወጪው ይቀንስለታል። በቤቱ የፈተና ወረቀት የሚያዘጋጅ መምህርም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያርም የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም እንዲሁ ነው። መጋራቱ ሲሰናከል ሰዉ የሚሸሸው ወደ ፍላሽ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ከፋይሉ ጋር ቫይረሱንም ያመላልሳል። ሌላም ምክንያት አለ። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ የስልክ ጥሪ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ተወስኖ እንደ ነበር ተዘግቧል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላም ኢንተርኔቱ በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቤት ውስጥ ያለው ኔትወርክ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ የሥራ መቆምና አለመቆም ጥያቄ ይሆናል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1965 ዓ.ም. መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ግንቦት 14 ቀን ሮበርት ሜትካፍ የተባሉ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከሚገኘው የምርምር ማእከል ኢተርኔት ብለው የሰየሙትን የመገናኛ ሥርዓት የሚገልጽ ማስታወሻ ጻፉ። ማእከሉ አልቶ የተባሉትን የግል ኮምፒዩተሮች በብዛት ለመሥራት አስቦ ነበር፤ ጋሪ ስታርክዌዘር የፈለሰፉት የሌዘር ፕሪንተር ግን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚታደል ዕቃ አልነበረም። ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ፕሪንተር ጋር በፍጥነት የሚነጋገሩበት መንገድ አስፈለገ። ዛሬ በየቢሮውና በየቤቱ የምናየው የኔትወርክ ገመድ ከተወለደባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እንግዲህ ፕሪንተር መጋራት ነበር። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ፣ መጀመሪያ ኔትወርክ ተሠራ፣ ኋላ ፕሪንተር ተጨመረበት ብሎ ያስባል።

ከዜሮክስ ማእከል ወደ ተራው ሰው ቤት የወሰደው መንገድ በአይ ቢ ኤም በኩል ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሳይቴክ የተባለ ኩባንያ ለአይ ቢ ኤም ኔትባዮስ የተባለውን የመነጋገሪያ ዘዴ አዘጋጀ። በዚያው ዘመን የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበሩት ባሪ ፋይገንባውም፣ አንድ ኮምፒዩተር በሌላው ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል እንደ ራሱ አድርጎ የሚከፍትበትን ደንብ ነደፉ፤ ይህም በኋላ ኤስ ኤም ቢ የተባለው ነው። በመጀመሪያ ስሙ ከራሳቸው ስም ፊደላት የተወሰደ ቢ ኤ ኤፍ ነበር ይባላል። የዘመኑን ዋጋ ለመገመት ያህል፣ ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሌዘርጄት 3,495 የአሜሪካ ዶላር ያወጣ ነበር። ይህን ዕቃ ለብቻው የሚገዛ መሥሪያ ቤት ጥቂት ስለ ነበረ መጋራት ግዴታ ነበር።

የኔትባዮስ አሠራር ለዛሬው ብልሽት የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ዘዴው የታሰበው በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ፎቅ ላይ ላሉ ጥቂት ኮምፒዩተሮች ስለ ሆነ የስም መዝገብ የሚይዝ ዋና ጸሐፊ አላስፈለገውም። አንዱ ሌላውን ሲፈልግ በገበያ መካከል እንደ ጠፋበት ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ይጣራል፤ ባለ ስሙም ከሰማ ይመልሳል። ስሙም ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዛሬም ለኮምፒዩተራቸው ረጅም ስም የሚሰጡ ሰዎች ስሙ ተቆርጦ ሲያዩት የሚደነቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ዊንዶውስ ፎር ዎርክግሩፕስን ሲያወጣ በዚህ ጩኸት ላይ የጎረቤቶች ዝርዝር ጨመረበት። ኮምፒዩተሮቹ ከመካከላቸው አንዱን መዝጋቢ አድርገው ይመርጣሉ፤ እያንዳንዱም መኖሩን በየ12 ደቂቃው ያውጃል፤ ሦስት ጊዜ ሳይሰማ የቀረው ከመዝገቡ ይሰረዛል። መዝገቡም ወደ ረዳቶች እየተገለበጠ ስለሚሄድ የጠፋ ኮምፒዩተር ስም እስከ 51 ደቂቃ ድረስ እንዳለ ሆኖ ሊታይ ይችል ነበር። በተቃራኒውም ገና የተከፈተ ኮምፒዩተር ቁጭ ብሎ ሳለ በዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዝርዝሩን ማመን እንደማይገባ ነው። ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ጭረቶች ጽፎ የኮምፒዩተሩን ስም ወይም የአይፒ አድራሻውን በማስከተል በቀጥታ መጥራት ይሻላል። በአድራሻው ተጠርቶ የተገኘ፣ በስሙ ሲጠራ ግን ያልተገኘ ኮምፒዩተር ከሆነ ገመዱም ፈቃዱም ደኅና ነው፤ የታመመው የስም መጠሪያው ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ተማሪም ስላለበት ለአንባቢዎቻችን ስል ልለፈው አልወድም። በካንቤራ ከተማ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሪው ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻና በ1992 መጀመሪያ ላይ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ንግግር እየጠለፈ በማድመጥ ብቻ፣ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት የሚያካሂድ ኮምፒዩተር በኤስ ኤም ቢ ደንብ እንዲናገር አደረገው። በኋላ ለፕሮግራሙ ስም ሲፈልግ እነዚህን ሦስት ፊደላት በተራቸው የያዙ ቃላትን ከኮምፒዩተሩ መዝገበ ቃላት አስፈልጎ ሳምባ የሚለውን መረጠ። ዛሬ ሊኑክስ የጫነ ሰው ከዊንዶውስ ጋር ፋይል የሚጋራው በዚሁ ፕሮግራም ነው።

አድራሻን ካነሣን ዘንድ፣ በአገራችን ከተሞች ከሁሉ በላይ የሚደጋገመውን ብልሽት እዚህ ላይ መግለጽ ይገባል። በቤት ውስጥ ያለ ራውተር ለእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በ192.168 የሚጀምር ይሆናል፤ ይህ ዐይነቱ ቍጥር ለውስጥ አገልግሎት ብቻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1996 በስምምነት ተከልሏል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያዎቹ እንደየአነሣሣቸው አድራሻ ይወስዳሉ። ትናንት በ5 ቍጥር ይጠራ የነበረ ፕሪንተር ዛሬ በ8 ቍጥር ሊነሣ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አሁንም ወረቀቱን የሚልከው ወደ 5 ነው። ፕሪንተሩ በርቷል፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ ሆኖም ፕሪንተሩ አልተገኘም ይባላል። መድኃኒቱ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ የማይለወጥ አድራሻ መመደብ ነው፤ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ሲሆን የዓመት ድካም ያስቀራል። የኮምፒዩተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከራውተሩ አድራሻ ሳያገኝ ቀርቶ ለራሱ የፈጠረው ነውና ገመዱን ወይም ራውተሩን መመርመር ነው እንጂ የፕሪንተሩን ነገር መነካካት አያስፈልግም። አንዱ ኮምፒዩተር በራውተሩ፣ ሌላው በእጅ ስልክ ሆትስፖት ላይ ሲሆንም ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡም በሁለት ኔትወርክ ላይ ስለ ሆኑ አይተያዩም። ይህን ቀላል ነገር ሳያዩ ግማሽ ቀን የሚያጠፉ አሉ።

አሁን ከመተማመን ዘመን ወደ መጠራጠር ዘመን እንሸጋገራለን፤ የብልሽቱም አብዛኛው ክፍል እዚህ ላይ ነው። በዊንዶውስ 95 ጊዜ አንድ ሰው ፎልደሩን አጋርቻለሁ ካለ ጎረቤቱ ያለ ምንም ጥያቄ ሊከፍተው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የይለፍ ቃል የሌለው ተጠቃሚ በኔትወርክ በኩል እንዳይገባ ከለከለ። ይህ ደንብ ዛሬም ይሠራል። በቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃል ያላደረጉ ሰዎች፣ እኔ እኮ ምንም ቁልፍ አላደረግሁም፣ ታዲያ ለምን ይከለክለኛል ብለው የሚያማርሩት ለዚህ ነው። የተከለከሉት ቁልፍ ስለሌላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኤክስፒ ሁለተኛው ማሻሻያ ፋየርዎሉን ከመጀመሪያው የተዘጋ አድርጎ አመጣው። ቀጥሎ የወጣው ቪስታ ደግሞ ኔትወርኮችን የግልና የሕዝብ ብሎ ለየ፤ ኮምፒዩተሩ የቤቱን ኔትወርክ እንደ ካፌ ኔትወርክ የሕዝብ ነው ብሎ ከመዘገበው ለማንም አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7 ሆምግሩፕ የሚባል ቀላል መንገድ ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ይኸው መንገድ ከዊንዶውስ 10 ተነሣ። በሆምግሩፕ የለመዱ ቤቶች አንድ ቀን ጧት ከማሻሻያ በኋላ የሚያውቁት በር ግድግዳ ሆኖ ጠበቃቸው።

ዋናው መለያ ዓመት ግን እ.ኤ.አ. 2017 ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 12 ቀን ዎናክራይ የተባለው ጥፋት ተነሥቶ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን በ150 ያህል አገሮች እንደ መታ ተነግሯል፤ ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የገባበት ቀዳዳ በአሮጌው የኤስ ኤም ቢ 1 ደንብ ውስጥ ነበር። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ሳለ ብዙዎች አልጫኑትም። ከዚህ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ አሮጌው ደንብ አዲስ በሚጫኑ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዳይኖር ተደረገ፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የጎረቤቶች ዝርዝርም አብሮት ሄደ። ያለ ስምና ያለ ቃል በእንግድነት መግባትም ደረጃ በደረጃ ተከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም በዚህ ላይ ይበልጥ ጠንክሯል። ስለዚህ አሮጌ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር በአንድ ቤት ሲኖሩ አለመግባባታቸው የትውልድ ልዩነት ነው።

በከተሞቻችን የተለመደው መፍትሔ ኤስ ኤም ቢ 1ን መልሶ ማብራት፣ ፋየርዎሉን ማጥፋትና ፎልደሩን ለሁሉም በሙሉ ሥልጣን መክፈት ነው። በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ይህ ቁልፍ የጠፋበት ሰው በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ነው። ትክክለኛው መንገድ ከዚህ ብዙም አይረዝምም። ፎልደሩ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ተጠቃሚ ከነይለፍ ቃሉ መፍጠር፣ ኔትወርኩን የግል ማድረግ፣ ከዚያም በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ስምና ቃል ማስገባት ነው። በኢሜይል አድራሻ የሚገባ ሰው ግን በፒን ቍጥሩ ሳይሆን በእውነተኛው የይለፍ ቃሉ መጠራት እንዳለበት ይወቅ፤ ፒኑ የሚያገለግለው በተፈጠረበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነውና። ሁለት በሮች መኖራቸውንም ልብ ማለት ይገባል። አንዱ የመጋሪያው ፈቃድ፣ ሁለተኛው የፎልደሩ የራሱ ፈቃድ ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው ጥብቁ ነው። ማንበብ ተችሎ መጻፍ ሲከለከል ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው በር ተረስቷል ማለት ነው።

የፕሪንተሩ ታሪክ የራሱ ቀውስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ ፕሪንት ናይትሜር የተባለ ቀዳዳ ወረቀትን በተራ በሚያሰልፈው በስፑለሩ ውስጥ ተገኘ። ማይክሮሶፍት በኦገስት ወር የፕሪንተር ድራይቨር ከሌላ ኮምፒዩተር የሚጫነው በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ በሴፕቴምበር የወጣው ማሻሻያ ደግሞ በ11ቢ የሚያልቀውን የስሕተት ቍጥር ይዞ መጣ። የሁለቱ ኮምፒዩተሮች ማሻሻያ እኩል ሳይሆን ሲቀር አንዱ የሌላውን ጥሪ አልቀበልም ይላል። በዚያን ጊዜ ማሻሻያውን ነቅሎ መጣል በየአገሩ የተለመደ ምክር ሆነ። እኔ የምመርጠው ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በአንድ ደረጃ ማሻሻል፣ ድራይቨሩንም በየኮምፒዩተሩ ላይ አስቀድሞ በእጅ መጫን ነው። ፕሪንተሩ የኔትወርክ መሰኪያ ወይም ዋይፋይ ካለው ግን በራውተሩ ላይ ብቻውን ማቆም ከሁሉ ይሻላል፤ የአንዱ ኮምፒዩተር መዘጋት የሌላውን ሥራ አያስቆምምና። ሰልፉ በተበላሸ አንድ ወረቀት ሲዘጋም ስፑለሩን አቁሞ፣ ሰልፉን አጽድቶ መልሶ ማስነሣት በቂ ነው፤ ፕሪንተሩን ማጥፋትና ማብራት ብቻውን አይረዳም፤ የታገደው ወረቀት ያለው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው።

ወደ 2012 ዓ.ም. መዘጋት ስንመለስ፣ ከላይ የተነገረው ሁሉ የውጭ መስመር የማይፈልግ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ይነጋገራሉ፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ፈቃድ አይጠይቁም። ብዙ ሰው ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ ኔትወርክም የጠፋ ይመስለውና ራውተሩን ያጠፋዋል፤ በዚህም ያልተቆረጠውን በገዛ እጁ ይቆርጣል። ችግር የሚሆነው በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር መትከል ነው። ድራይቨሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ አንዳንድ አዳዲስ ፕሪንተሮችም ገና ሲተከሉ ከአምራቹ ጋር ካልተገናኙ ሥራ አይጀምሩም። ስለዚህ መስመር ባለበት ቀን ድራይቨሩን አውርዶ በተጋራው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ፕሪንተር ሲገዛም ያለ ኢንተርኔት ይተከል እንደሆነ መጠየቅ ለወለጋ ነዋሪ ተራ ጥንቃቄ ነው።

የቀረው የፊደል ጉዳይ ነው። የኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ ኦሮምኛውን የጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ግን የላቲኑ ቁቤ ለኦሮምኛ የሥራ ፊደል ሆነ፤ በዚህም የወለጋ ጽሕፈት ቤቶች ባላሰቡት መንገድ በኮምፒዩተር ላይ ቀላሉን ጎዳና አገኙ። የአማርኛው ጉዞ ከዚህ የተለየ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው የጻፈው የላቲን ቍጥሮችን ተውሰው የግዕዝ ቅርጽ በሚሰጡ ፎንቶች ነው። በነቀምቴ አንድ ጽሕፈት ቤት ከአንድ ፎልደር ሁለት ደብዳቤ ቢከፈት፣ የቁቤው እንዳለ ሲነበብ የድሮው አማርኛ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ባለቤቱም መጋራቱ ተበላሸ ይላል። ኔትወርኩ ግን ፋይሉን አንዲት ነጥብ ሳያጎድል አድርሶታል፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ያው ደብዳቤ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ተከፍቶ ወደ ተጋራው ፕሪንተር ሲላክ በትክክል ይወጣል፤ ቅርጹን የሚሠራው ላኪው ነውና። እንዲህ ከሆነ ፎንቱን በሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ መጫን፣ ወይም ደብዳቤውን ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማጋራት ይበቃል፤ ራውተሩንም ፕሪንተሩንም የሚነካ ምክንያት የለም።